ከሕጉ የወጣው ምዕራፍ

ላምበረት ማመልከቻ ስጽፍ የሚያስጨንቀኝ ጉዳይ እንዲህ ያለው ነው፦ አባት ግቢያቸውን ትተው ያርፋሉ፤ ልጃቸው ስቶክሆልም ነች፣ ዜግነቷንም ቀይራለች። በኤምባሲ በኩል የላከችው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ ይደርሰኛል። እስከዚህ መንገዱ የታወቀ ነው። አባት ውጭ አገር ሌላ ትዳር መሥርተው ከነበረስ? ያ ጋብቻ በየትኛው አገር ሕግ ይመዘን?

ጥያቄው ሰንብቷል። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የተዋዋሉት ውል መልስ ነበረው፤ ፈረንሳውያን እርስ በርስ ሲካሰሱ ቆንስላቸው ይዳኛቸዋል፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲሆን ቆንስሉ በተገኘበት ልዩ ችሎት ይታያል። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ዋጋው ግን የአገር ዳኝነት ነው፣ ያ ዘመን ባይመለስ ደስ ይለኛል።

ሬኔ ዳቪድ ባረቀቁት ፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ስለ ሕጎች ግጭት የተጻፈ ምዕራፍ ነበር። በ1952 ዓ.ም. 3367 አንቀጽ ይዞ ሲታወጅ ያ ምዕራፍ ወጥቷል። እዚህ ላይ ያንገበግበኛል፤ የቀሩት አንቀጾች ለስቶክሆልሟ ልጅ የሰጧት በአንድ እጅ፣ የነሷት በሌላ እጅ ነውና። አንቀጽ 837 የወራሽ ዜግነት መብቱን አይነካም ይላል። አንቀጽ 390 ደግሞ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር፤ ይዞ የተገኘም ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ሲታዘዝ የሚሰጠው ጊዜ 6 ወር ነበር። የአባቷ ልጅ ነች፣ በአባቷ ቤት ግን ባዳ! አዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለያዙ ይህን ክልከላ አነሣ። ስለዚህ ባለጉዳይን አስቀድሜ የምጠይቀው መታወቂያውን ነው።

ውጭ የተሰጠ የፍቺ ፍርድ እዚህ ይፈጸም ሲባል የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 458 ይመጣል፤ አንዱ መስፈርቱ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ ነው። በ1988 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ክርክር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሰጠ። ችሎቱ ታወቀ፤ ዳኛው የየትኛውን አገር ሕግ እንደሚመርጥ የሚነግረው አዋጅ ግን አልወጣም።

እስከዚያው አንቀጽ 826 አለኝ፤ ውርስ የሚከፈተው ሟች በሞቱ ጊዜ ዋና መኖሪያቸው በነበረበት ቦታ ነው። በማመልከቻዬ ራስጌ የሟችን መኖሪያ ከነቀበሌው የማሰፍረው ለዚህ ነው።