ዋስና መያዣ

ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀናው መንገድ ጋሸና ላይ ይከፈላል። ወደ ቀኝ የታጠፈ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ላሊበላ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ የሄደ በደብረ ዘቢጥ አድርጎ ወደ ጨጨሆ ያልፋል። ዋናውን መንገድ የአገሩ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናዎች ናቸውና። ከእነሱ መቶ ዓመት ቀድሞ ግን በዚሁ በዋድላ ደጋ ላይ ሌላ መንገድ ተጠርጎ ነበር። ያስጠረጉት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ሴባስቶፖልን በመቶዎች በሚቆጠር ሰው እያስጎተቱ፣ በጋይንት፣ በቤተ ሖርና በጅጣ ገደል አድርገው መቅደላ ሲደርሱ ግማሽ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ድንጋዩን ራሳቸው ጭምር ይፈነቅሉ እንደነበር የዘመኑ አውሮፓውያን ጽፈዋል። መቅደላ የታሰሩትን አውሮፓውያን ሊያስፈታ ከኋላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ቤተ ሖር ላይ ይህንኑ መንገድ አገኘና በአሠራሩ እየተደነቀ በዚያው ወደ ጅጣ ወረደ።

እዚህ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነበር፦ ቴዎድሮስ ደግ ንጉሥ ነበሩ ወይስ ጨካኝ? ጥያቄውን አልወደውም። ደግነትም ጭካኔም የሰው ጠባይ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እኔን የሚያሳስበኝ ከንጉሡ ጋር ያልተቀበረው ነው። ጥፋት የሠራውና ቅጣት የተቀበለው ያው አንድ ሰው ነበር ወይ?

ለንጉሡ የሚገባቸውን ልስጥ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ የተረከቡት አገር በየመሳፍንቱ የተሸነሸነ ነበር። ሽፍታው በየጫካው፣ ኬላ ጠባቂው በየበሩ፣ ወታደሩ ደግሞ በገበሬው ቤት ነው። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ ብለው አወጁ። ደም መላሽ ገዳይን በገዛ እጁ እንዳይገድል፣ ወደ ዳኛ እንዲያመጣ አዘዙ። አሞሌ ጭኖ ከሰቆጣ ወደ በጌምድር የሚሻገር ሲራራ ነጋዴ ሌሊት ሳይሰጋ ማደሩ ቀላል ነገር አይደለም። ሰላም ያለው መንገድ ራሱ ነፃነት ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ገበያ ውሎ ሲመለስ የተዘረፈ ዘመድ የለውም።

ከዚያው ዘመን አንድ ታሪክ አለ። በቴዎድሮስ ትእዛዝ አንድ ቀን ታስሮ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ሌዣን ጽፎታል። ሁሉም ወደ አባቱ ሙያ ይመለስ ሲባል የጥስባ ሰዎች ታጥቀው መጡና የእኛ የአባቶቻችን ሙያ ሽፍትነት ነው፣ ይጽናልን አሉ። ንጉሡ በሬና ማረሻ ልስጣችሁ፣ ለም መሬት እረሱ ብለው ለመኗቸው፤ አልሆነም። ከንጉሥ ዳዊት የተሰጠን መብት ነው ብለው ደረቁ። እሺ ተብለው ሲሄዱ ፈረሰኛ ተላከባቸው። አለቃው ዳዊት መዝረፍን ከፈቀደላችሁ፣ ላሊበላ ደግሞ ወንበዴን ማጥፋትን ፈቅዷል ብሎ ፈጃቸው። በላስታ ጻድቁ ንጉሥ ስም!

ሰው ይህን ሲተርክ ይስቃል፤ የንጉሡንም ብልሃት ያደንቃል። እኔን ግን የሚያመኝ ነገር አለበት። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ማን ነፍስ እንዳጠፋ፣ ማን ታላቅ ወንድሙን ተከትሎ ብቻ እንደመጣ የለየ ዳኛ የለም። የጥስባ ሰው መሆን በቂ ነበር።

ነገሩ በኋላ ባሰ። በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ገባ። የወርቂት ልጅ መቅደላ ላይ መያዣ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። እናቱ የሸሸውን አሳለፈችው፤ ልጇ ከሌሎች የወሎ መያዣዎች ጋር ተገድሎ ወደ ገደል ተወረወረ። ምኒልክ አመለጠ፣ ወርቂት አስጠጋች፣ ሞቱ ግን የታሰረው ልጅ ላይ ወደቀ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ ሊያስተምረኝ የሚችል የታሪክ ገጽ አላገኘሁም። ቅጣቱ ጽኑ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያ ልጅ ማንንም አላሸሸም።

ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ከመቅደላ ሥር እስላምጌ ላይ የታሰሩ ኢትዮጵያውያን ምግብና ውሃ ብለው ጮኹ። ንጉሡ ተቆጥተው 200 ያህሉን አስገደሉ፤ ወደ ገደል ተጣሉ። ብዙዎቹ ይህ ነው የሚባል ከባድ በደል እንዳልነበረባቸው በቦታው የነበሩት አውሮፓውያን እስረኞች መስክረዋል። በአራተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጧን ሁላችንም እናውቃለን፤ የእስላምጌውን ሐሙስ ግን ከስንት አንዱ ያነሣዋል።

ላስታና ዋግ ከቴዎድሮስ ያፈነገጡት በከንቱ አልነበረም። ዋግሹም ጎበዜ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ አስገድለውባቸዋል። ጎበዜ ሸፈቱ፤ እንግሊዝ በላስታ ሲያልፍም አልተከላከሉም። የዋድላና የደላንታ ገበሬም ገብሱን ለባዕድ ጦር በማሪያ ቴሬዛ ብር ሸጠ። ይህን ባንዳነት የሚሉ አሉ። አልስማማም። አንድን ሰው ለማጥፋት አንድን አገር የሚቀጣ ንጉሥ፣ አገሩ ሲጠፋበት መደነቅ የለበትም።

አሁን ወደ መንደራችን ልግባ፤ በደሉ የቤተ መንግሥት ብቻ አይደለምና። አባቴ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጭቃ ሹም ነበር። በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል፣ ሠሪው ሲጠፋ፣ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ ሌላው አገር አፈርሳታ የሚለው ነው። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ሰው ሁሉ እየማለ በተራ ይጠየቃል፤ ያየውን በጆሮ ሹክ የሚል «ወፍ ነገረኝ» ይላል፣ ወፉ ማን እንደሆነ አይወጣም። ሌባው ካልተገኘ ተሰብሳቢው በነፍስ ወከፍ አዋጥቶ የባለ በሬውን ኪሳራ ይከፍላል። እርሻ በሚጣደፍበት ወር ያለ ጥፋቱ ከሞፈሩ ተነጥሎ የዋለው ገበሬ ምን ይል እንደነበር አባቴ አልደበቀኝም፤ መንግሥትን ሳይሆን እሱን ነበር የሚረግሙት።

አውጫጭኝ እንግዲህ ያልሰረቀውን ያስራል። ሆኖም ከመቅደላው ጋር አንድ አድርጌ አላየውም። ደም አይፈስበትም፣ በዕዳ ይዘጋል። ሽማግሌዎቹ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ ነገ በዕድርም በማኅበርም ከከሰሱት ሰው ጋር ይቀመጣሉ። በሐሰት የጠቆመ ወፍ ግን ስሙ ስለማይታወቅ ከጸጸት በቀር የሚያገኘው አልነበረም። አውጫጭኝን ለመተው ይህ ክፍሉ ብቻ ይበቃል። የባሰውም ነበር፤ ሌባሻይ የሚባለው። ለትንሽ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ በወገቡ ገመድ አስረው ይነዱታል፤ ተንገዳግዶ የገባበት ቤት ጌታ ሌባ ነው። የአንድ ሰው ክብርና ንብረት በሰከረ ሕፃን እግር ላይ ይጣል ነበር።

ከልማዳችን የምወደው ዋስ ነው። ተከሳሽ ዋስ ጠርቶ ቤቱ ያድራል፤ ቢቀር ዋሱ ይጠየቃል። ዋስም ቢሆን በሌላ ሰው ጥፋት ዕዳ የሚገባ ነው። ግን ማንም አልጎተተውም፤ ሰውየውን አውቆ፣ በሰው ፊት አፉን ከፍቶ ገብቶበታል። የወርቂትን ልጅ ማንም እሺ በል አላለውም። በዋስና በመያዣ መካከል ያለው ርቀት የነፃነት ሁሉ ርቀት ነው እላለሁ። በመንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ይቆሙ እንደነበር ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። አላፊው ዳኛ ይሆናል፣ የነጠላቸውን ጫፍ አቋጥረው እስከ ችሎት አብረው ይሄዳሉ። ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አልነበረም። ሕጉን የተሸከመው ሰዉ ራሱ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን በወረቀት አጸናው፤ ሰው የሚቀጣው በራሱ ድርጊትና በራሱ ጥፋት ልክ ነው። ብዙ ሳይቆይ ደርግ መጣ። ነፃ እርምጃ እያለ ያለ ፍርድ ገደለ፤ የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍሉ የተጠየቁ ወላጆችም ነበሩ። ከመያዣ ዘመን የከፋ ነው፤ ያዘነው ራሱ ዕዳ ከፋይ ሆነ።

የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ጋሸና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ስትወጣ፣ በኋላም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ይህ አንቀጽ የት እንደገባ ለተማሪዎቼ መልስ አልነበረኝም። ከመስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጅምላ መታሰራቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታውቋል፤ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎች ሳይቀሩ ተይዘዋል፤ ከማቆያዎቹ አንዱ ኮምቦልቻ ነበር።

መንገዱ ሰላም እንዲሆን እኔም እፈልጋለሁ፤ ከጋሸና ላሊበላ ለመድረስ ሰው የሚሰጋበት አገር አገር አይደለም። ይህን ለማምጣት ግን ለእያንዳንዱ የታሰረ ሰው ስሙ ይጻፍለት፣ የተጠረጠረበት ነገር ይነገረው፣ ዳኛ ፊት ይቁም፣ ዋስ ይጥራ። ወንድሙ ስለሸፈተ፣ ቀበሌው ስለተጠረጠረ የተያዘ ካለ ዛሬውኑ ይለቀቅ።