ነጋድራስ የሌለው ቅፍለት

ሸሪካት በዐረብኛ «ኩባንያዎች» ማለት ነው። «ሸሪክ» የምንለው የእኛው ቃልም ከዚያው ሥር የመጣ ነው። እኛ ግን ድልድዩን ተሻግረን፣ በኒሙሌ መንገድ ዳር ሱቅ ከፍተን ስንኖር ሽርክናችን እስከ ሸቀጡ ድረስ ነው። ጉዞ ሲመጣ ሁሉም ለየብቻው ነው። አንዱ ለካምፓላ፣ አንዱ ለአዲስ አበባ፣ አንዱ ለዱባይ ይነሣል፤ ለየብቻው ትኬት ያፈላልጋል፣ ለየብቻው ቪዛ ይጠይቃል፣ ለየብቻውም ይጉላላል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ትልልቅ ድርጅቶች እንዲህ አያደርጉም። የሠራተኞቻቸውን ጉዞ ሁሉ በውል የሚይዝላቸው የጉዞ ወኪል አላቸው።

«ያ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ወዳጅ በመካከላችን አለ። እኛ አንስማማም። አያቶቻችን ይህን ሥራ ያውቁት ነበር፤ የሚሠራውንም ሰው ነጋድራስ ይሉት ነበር።

የሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይወጣም። ክረምት ሲገባ ዐባይ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው ሲጎድል ነጋዴው በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ይሰበሰባል። ከጎጃም ባሶ ተነሥቶ ዐባይን ይሻገርና ወደ ጊቤ አገሮች፣ እስከ ጅማ ሕርማታ ገበያ ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን ደግሞ በጎንደር አድርጎ እስከ ምጽዋ የሚዘልቅ አለ። አሞሌ ይዞ ወርዶ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይዞ ይመለሳል። በየመንገዱ ኬላ አለ፤ በየኬላው ቀረጥ አለ፤ በየበረሃው ሽፍታ አለ። መቶ ሰው መቶ ጊዜ ከመከራከር አንድ ሰው ስለ መቶው ቢናገር ይሻላል። ነጋድራስ የነጋዴው አለቃ ነበር፦ መቼ እንደሚነሡ፣ የት እንደሚያድሩ ይወስናል፣ ከኬለኛው ጋር ይደራደራል፣ የተጣላ ያስታርቃል። የዛሬው የጉዞ ወኪል ለኩባንያ ሠራሁ ከሚለው ሥራ ስንቱ እዚህ ውስጥ እንዳለ ቁጠሩት።

በኋላ ማዕረጉ ወደ መንግሥት ገባ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነጋድራስ የገበያና የቀረጥ ሹም ሆነ፣ በነጋዴዎች መካከልም ዳኛ ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳዩን ሥራ የያዙት የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። ሹመቱ ከፍ አለ፤ ነጋዴውን መንገድ ለመንገድ የሚመራው የድሮው አለቃ ግን ባቡሩና መኪናው ሲመጡ እየጠፋ ሄደ። በእኛ ግምት የጎዳን ይህ ነው። መንገዱ አጠረ፣ አለቃው ቀረ።

ወደዚህ አገር የሚመጣውም ንግድ የራሱ ሥርዓት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል እንግሊዞች ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የማቋቋም መብት አገኙ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ሆነ። የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም በነጭ ዐባይና በሶባት አድርጎ የሚደርሰው ውሃው በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በዚያ ወጣ። ቡናውን ከደጋ አውርዶ ጀልባው ሳይሄድ ያልደረሰ ነጋዴ የሚጠብቀው የሚቀጥለውን ክረምት ነው። በረራ አመለጠኝ ብሎ የሚያማርር ይህን ያስብ።

ፈረንጆቹስ? እ.ኤ.አ. በ1841 ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ አምስት መቶ ያህል ሰው በባቡር ከሌስተር ወደ ላፍበራ ወሰደ፤ የነፍስ ወከፍ ዋጋው አንድ ሽልንግ ነበር። መጠጥ የሚቃወሙ ሰዎች ስብሰባ ነበርና ጉዞው ንግድ አይመስልም ነበር። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1884 የእንግሊዝ መንግሥት ካርቱም የተከበበውን ጎርዶንን ለማዳን ጦር ሲልክ፣ ወታደሩንና ስንቁን በዐባይ ሽቅብ ለማድረስ ውል የገባው የኩክ ድርጅት ነበር። ድርጅት ለድርጅት ጉዞ ሲያደራጅ ከታየባቸው ትልልቅ ምሳሌዎች አንዱ እንግዲህ በእኛው ወንዝ ላይ ነው። ጎርዶን ግን አልዳነም። ኩባንያው ራሱም እ.ኤ.አ. በ2019 ከስሮ ተዘጋ።

የአውሮፕላን ዘመን ሲመጣ ሥራው መልኩን ለወጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ተቋቁሞ በሚያዝያ 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። በዚያ ዘመን ትኬት ቢሮ የሚኖረው አየር መንገዱ በሚከፍለው ኮሚሽን ነበር፤ ተጓዡ ለቢሮው የተለየ የአገልግሎት ዋጋ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ አየር መንገዶች ኮሚሽኑን መቁረጥ ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተለ። ወኪሎቹ ወይ መዝጋት፣ ወይ ከተጓዡ ድርጅት መቀበል ነበረባቸው። የቀሩት ሁለተኛውን መረጡ፦ ለኩባንያው የዋጋ ቅናሽ ይደራደራሉ፣ ትኬት፣ ሆቴልና ቪዛ ያዘጋጃሉ፣ ሌሊት በረራ ሲሰረዝ ስልክ ያነሣሉ፣ በወሩ መጨረሻ የሁሉንም ወጪ በአንድ ደረሰኝ ያቀርባሉ። ከሁሉ በላይ ግን ማን የት እንዳለ ያውቃሉ።

የዚህን የመጨረሻውን ዋጋ ያወቅነው ጁባ ላይ ነው። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ብዙዎቻችን መጣን፤ በ2011 ነጻነት ሆነ፤ በ2012 ደግሞ የ192 ኪሎ ሜትሩ የኒሙሌ መንገድ አስፋልት ሆኖ ተመረቀ። መንገዱ ቀናን። በታኅሣሥ 2013 ተኩስ ሲነሣ፣ እንደገናም በሐምሌ 2016 ሲመለስ (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ ድርጅቶቹ ስም ዝርዝር አውጥተው ሰዎቻቸውን ቆጠሩ። በሐምሌው የኡጋንዳ ጦር ዜጎቹን ለማውጣት በዚሁ በእኛው መንገድ መኪና አሰልፎ ገባ። እኛስ? አንዱ ወንድማችን ለካምፓላ ተነሥቶ እንደሆነ ወይስ ጉምቦ እንደ ቀረ ሦስት ቀን ሳናውቅ ቆየን። እናቱ ከጎንደር ትደውላለች፣ የምንመልሰው አጣን። በኋላ ተገኘ፤ ሰው ቤት ተጠግቶ፣ የስልኩ ባትሪ አልቆበት ነበር።

ሌላም አለ። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አምስቱ ለአንድ ደላላ የትኬት ገንዘብ ለየብቻቸው ሰጡ፤ አምስቱም ኤርፖርት ደርሰው ስማችሁ የለም ተባሉ። አምስቱ አብረው ሄደው ቢሆን ኖሮ ደላላው ይህን ባልደፈረ ነበር። አንዱ ለሌላው አልነገረውም፤ ዋጋ የቀነሰልኝ ለእኔ ብቻ ነው ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ መዝገብ ከፍተናል። ስም፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የቢጫ ካርዱ ቀን፣ የሚሄድበት፣ የሚመለስበት፣ የቤተሰብ ስልክ። ትኬት የምንገዛው በቡድን ነው፣ ከአንድ ቢሮ፣ በደረሰኝ። መዝገቡን የያዙት እማማ እንጀራ ቤቱ ናቸው፤ ሁላችንም በቀን አንድ ጊዜ እሳቸው ጋ ሳንደርስ አንውልምና። ነጋድራስ ስንላቸው ይስቃሉ፤ ግን ሳይነግራቸው የወጣ ሰው ሲመለስ ቁጣቸውን አይችለውም። ለሐሙሱ የካምፓላ ጉዞ እስካሁን አራት ስም ተጽፏል።