ባሕር ዛፍ በግቢ ውስጥ፡ ከቤት፣ ከጓሮና ከጎረቤት ማሳ የሚኖረው ርቀት

የቦረና ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከተማዋም ሆነ በምዕራብ ደቡብ ወሎ የደጋ ቀበሌዎች ባሕር ዛፍ የግቢ ጥላ፣ የነፋስ መከላከያና የክፉ ቀን ጥሪት ነው። ልጅ ሲዳር ወይም ጎጆ ሲወጣ ምሰሶውና ማገሩ ከዚያው ይቆረጣል።

ዛፉ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። መገኛው አውስትራሊያ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በወቅቱ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት እጥረት ገጥሟት ነበር፤ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሳይዛወር ከቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የዚህ ዛፍ መስፋፋት እንደሆነ ይነገራል።

ለመካነ ሰላም ዓይነቱ ደጋ የሚስማማው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ ሞቃታማውን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀውን ምድር ይመርጣል።

ነጭ ባሕር ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው። በልጅነቱ የሚያወጣው ሰፊ፣ ግንዱን አቅፎ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚበቅልና ብርማ ሰማያዊ ነው፤ ሲጎለምስ ግን ቅጠሉ እንደ ማጭድ ረዝሞ ይንጠለጠላል። ለግቢ ውበት የሚፈለገው የልጅነት ቅጠሉ ነው። ይህን ለማቆየት ግንዱን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር አዘቅዝቆ መቁረጥ ያስፈልጋል። ተስማሚው ጊዜ የውርጩ ወራት ካለፉ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው። ከጉቶው የሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች እንደገና ብርማ ቅጠል ይዘው ይወጣሉ። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የሚቆረጥ ዛፍ ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል፤ ጭራሮውም ለምጣድ ይተርፋል።

ካልተቆረጠ ነገሩ ሌላ ነው። በተመቸው ስፍራ ከ40 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ሲወድቅ ጣሪያ እንዳይመታ፣ ከቤቱ ያለው ርቀት ዛፉ ሊደርስበት ከሚችለው ቁመት ማነስ የለበትም። ቅጠሉ ዘይት ስላለው የረገፈውን ከማድ ቤት አካባቢ መጥረግም ተገቢ ነው፤ እሳት በቀላሉ ይይዘዋል።

ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚነሳው ግን ከጎረቤት ነው። ሥሩ ከአጥር አልፎ የገብሱንና የድንቹን እርጥበት ይሻማል፤ ከቅጠሉ የሚወጡ ንጥረ ነገሮችም የሌሎችን ዘር መብቀል ሊያዳክሙ ይችላሉ። በምንጭና በውኃ ጉድጓድ አጠገብ መትከል ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ዛፉ በድንበር ላይ ከበቀለ በኋላ ደግሞ ጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ አንድ ጊዜ መቁረጥ ብቻ ጠቡን አያበርደውም።

አርሶ አደሮች በዛፉና በማሳው መካከል ቦይ ቆፍረው ሥሩን ይቆርጣሉ። ዘዴው ይሠራል፤ ሆኖም ቦዩ በደለል ሲሞላ ሥሩ ተመልሶ ስለሚሻገር በየጊዜው መጥረግ ይጠይቃል። ግቢው ጠባብ ለሆነበት ወይም ምንጭ ለቀረበው ቤተሰብ የተሻለው ምርጫ ወይራ፣ ኮሶ ወይም የሐበሻ ጥድ ነው። ዕድገታቸው ዘገምተኛ ቢሆንም ለዚህ ደጋ እንግዳ አይደሉም።