የገበያ አዳራሾች አነሣሥና አወዳደቅ በአሜሪካ የከተማ ዳርቻዎች

ገበያ በማናቸውም ሕዝብ ዘንድ ዕቃና ገንዘብ የሚለዋወጥበት ስፍራ ብቻ አይደለም። ወሬ የሚሰማበት፥ ዘመድ ከዘመዱ የሚገናኝበት፥ ጠበኛ ከጠበኛው ጋር ፊት ለፊት የሚተያይበት አደባባይም ነው። በኢትዮጵያ ዐዋጅ በገበያ ቀን በነጋሪት ሲነገር መኖሩ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ስለዚህ የአንድን ሕዝብ ገበያ ታሪክ የሚመረምር ሰው ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚኖርበትን ሥርዓት ጭምር ይመረምራል። በዚህ ጽሑፍ የሚታየው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በከተማ ዳርቻዎች የተሠሩት፥ በእንግሊዝኛ «ሞል» የሚባሉት የገበያ አዳራሾች ታሪክ ነው። እነዚህ አዳራሾች እንዴት ተነሡ፥ ስለምንስ ብዙዎቹ ወደቁ? ከዚህም ጥያቄ ሥር ሌላ አለ፤ ይኸውም ገበያው የማን ነው የሚለው ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሞል» የሚለው ቃል ከንግድ የመጣ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይና የእንግሊዝ መኳንንት የእንጨት ኳስ በመዶሻ እየመቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። ከዚሁ ጨዋታ ስም የወጣው ቃል በለንደን በግራና በቀኝ ዛፍ የተተከለበት የመንሸራሸሪያ ጎዳና መጠሪያ ሆነ። በ20ኛው መቶ ዓመት አሜሪካውያን ስሙን ወርሰው፥ ሱቆች በሁለት ወገን ተሰልፈው ለሚገኙበት የእግረኛ መተላለፊያ፥ በመጨረሻም ለሕንፃው በሞላው ሰጡት።

አዳራሾቹን ያስነሡት ምክንያቶች ከንግድ ይልቅ ከመንግሥት ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለሚመለሱት ወታደሮች የቤት መሥሪያ ብድር ዋስትና ሰጠ። በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ 41,000 ማይል ርዝመት ያለው የመንገድ መረብ እንዲሠራ አዘዘ። በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ደግሞ አዲስ የንግድ ሕንፃ የሚሠራ ባለ ሀብት የሕንፃውን እርጅና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዝቶ ከገቢው እንዲቀንስ ፈቀደ። ከዚህ የተነሣ በመሐል ከተማ ያለውን አሮጌ መደብር ከማደስ ይልቅ በዳርቻው ባዶ መሬት ላይ አዲስ መሥራት የሚያዋጣ ሆነ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ዕድል ለሁሉ እኩል አልተከፈተም። ከ1934 ጀምሮ የቤት ብድር ዋስትናን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች አያምንም ነበር፤ ስለዚህ ወደ ዳርቻው የወጣው ሕዝብ በአብዛኛው ነጭ ነበረ። በመኖሪያ ቤት ረገድ በዘር መለየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው ገና በ1968 ነው።

ለአዳራሾቹ መልክ የሰጠው ሰው ቪክቶር ግሩን ነው። ግሩን በ1903 በቪየና ተወለደ፤ አይሁዳዊ ስለ ነበረ በ1938 ናዚዎች አገሩን በያዙ ጊዜ ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ። በ1954 በዲትሮይት አጠገብ ኖርዝላንድ የሚባለውን ታላቅ የገበያ ማእከል፥ በጥቅምት 1956 ደግሞ በሚኒሶታ በኤዳይና ከተማ ሳውዝዴልን ሠርቶ አስመረቀ። ሳውዝዴል ሙሉ በሙሉ በጣራ ሥር የሆነ የመጀመሪያው የዳርቻ አዳራሽ ነው። በሕንፃው ውስጥ 72 ሱቆች ነበሩ፤ የአየሩ ሙቀት ክረምት ከበጋ በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጠበቅ ነበር። ሁለት ተወዳዳሪ ታላላቅ መደብሮች በአንድ ጣራ ሥር ገቡ፤ በመካከላቸውም ዛፍ፥ ኩሬና የወፎች ጎጆ ያለበት አደባባይ ተዘረጋ። በውጭ ግን ከ5,000 የሚበልጥ አውቶሞቢል የሚያቆም ሜዳ ሕንፃውን ከበበው።

የግሩን ሐሳብ የቪየናን አደባባይ በአሜሪካ ዳርቻ ለመትከል ነበር። በአዳራሹ ዙሪያ መኖሪያ ቤት፥ ትምህርት ቤት፥ የሕክምና ስፍራና መናፈሻ እንዲሠራ አቅዶ ነበር። ነገር ግን ትርፍ የሚያስገኘው ክፍል ተሠርቶ ሌላው በአብዛኛው ቀረ። ከዚያ በኋላ የተነሡት አልሚዎች አዳራሹንና የመኪና ማቆሚያውን ብቻ እየገለበጡ በየክፍለ ሀገሩ አባዙት።

በአሮጌዎቹ ከተሞች ላይ የደረሰው ጉዳት በዲትሮይት በግልጽ ይታያል። ኖርዝላንድን ያሠራው የሐድሰን ኩባንያ በመሐል ከተማው ታላቅ መደብር ነበረው። የዲትሮይት ሕዝብ በ1950 ከ1,849,000 በላይ ነበር፤ በ1980 ወደ 1,203,000 ዝቅ አለ። ለዚህ የፋብሪካዎች መዘዋወርና የዘር ጠብም ምክንያት ስለ ሆኑ ጥፋቱን በአዳራሹ ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ሆኖም ገዥው ወደ ዳርቻ ሲወጣ የመሐል ከተማው ንግድ ተከትሎት ወጣ፤ የሐድሰንም ዋና መደብር በ1983 ተዘጋ።

አሁን ከላይ ወደ ተነሣው ሁለተኛ ጥያቄ እንመለስ። የአሮጌው ከተማ መንገድ የሕዝብ ነው፤ የአዳራሹ መተላለፊያ ግን የባለቤቱ ነው። ይህ ልዩነት በፍርድ ቤት ተፈተነ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 በፔንስልቬንያ የሎጋን ቫሊ ጉዳይ የገበያ ማእከል እንደ ከተማ መሐል ስለሚያገለግል ሠራተኞች በዚያ ተቃውሞአቸውን ሊገልጹ ይችላሉ ብሎ ፈረደ። በ1972 ግን በኦሬጎን በሎይድ ማእከል የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ወረቀት ባደሉት ሰዎች ላይ ፈረደ፤ በ1976 ደግሞ የ1968ቱ ፍርድ ከእንግዲህ እንደማይጸና በግልጽ ተናገረ። በ1980 እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በራሱ ሕገ መንግሥት ሰፊ መብት ሊሰጥ እንደሚችል ወሰነ፤ ካሊፎርኒያም ይህን መብት ሰጥታለች። በብዙው ስፍራ ግን ሕዝቡ በገበያው ውስጥ የባለቤቱ እንግዳ ሆኖ ቀረ።

እንግድነቱም ለሁሉ እኩል አልነበረም። በታኅሣሥ 1995 በቡፋሎ አጠገብ በቺክቶዋጋ አንዲት የ17 ዓመት ጥቁር ልጃገረድ በገበያ አዳራሽ ውስጥ ወደምትሠራበት ስፍራ ለመድረስ ሰባት መስመር ያለው አውራ ጎዳና ስታቋርጥ በጭነት መኪና ተገጭታ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሞተች። ከጥቁሮች ሰፈር የሚመጣው የከተማ አውቶቡስ ወደ አዳራሹ ግቢ እንዲገባ አልተፈቀደለትም ነበርና ተሳፋሪዎቹ በመንገድ ዳር ይወርዱ ነበር። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲታይ ቆይቶ በ1999 በካሣ ስምምነት አለቀ።

የአወዳደቁ ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ የተቀበረ ነበር። አልሚዎቹ ታላላቅ መደብሮችን በዝቅተኛ ኪራይ ያስገባሉ፤ መደብሮቹ ገዥ ይስባሉ፤ ትንንሾቹ ሱቆች ደግሞ ስለ ሰዉ ብዛት ውድ ኪራይ ይከፍላሉ። በብዙ የኪራይ ውሎች ታላቁ መደብር ቢዘጋ ትንንሾቹ ኪራይ እንዲቀነስላቸው ወይም እንዲለቁ ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ አንዱ ምሰሶ ሲነቀል ሌላው ይከተላል። በዚህ ላይ አዳራሾቹ ከሕዝቡ ፍላጎት በላይ በዙ፤ አዲሱ የአሮጌውን ገዥ ወሰደ። ቀጥሎ ርካሽ ዋጋ ያላቸው ሰፋፊ መደብሮች፥ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የኢንተርኔት ንግድ መጣ። የሲርስ ኩባንያ በ2018፥ የጄ. ሲ. ፔኒ ኩባንያ በ2020 ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸው የኪሣራ ጥበቃ ለመኑ። ኖርዝላንድም በ2015 ተዘጋ።

በኦሃዮ በክሊቭላንድ አጠገብ ኖርዝ ራንዳል በምትባል፥ ሁለት ሺህ ነዋሪ በማይሞላባት መንደር በ1976 የተከፈተው አዳራሽ በዓለም ታላቁ እየተባለ ይነገርለት ነበር። በ2009 ተዘጋ፤ በኋላም ፈረሰ፤ በመሬቱ ላይ በ2018 የአማዞን ኩባንያ ዕቃ ማከፋፈያ ተከፈተ። በዚያው መሬት ንግዱ አሁንም አለ፤ ገዥዎቹ ግን እርስ በርሳቸው አይተያዩም።

የሁሉ ዕጣ ግን አንድ አይደለም። በቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል፥ ላንድማርክ የተባለው ማእከል በ1965 ተከፍቶ በ2017 ተዘጋ። ከተዘጋ በኋላ ከታላላቅ መደብሮቹ አንዱ ለጊዜው ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያ ሆኖ አገለገለ፤ በ2022 ሕንፃው መፍረስ ጀመረ፤ በስፍራው ሆስፒታልና መኖሪያ ቤቶች እንዲሠሩ ታቀደ። ሳውዝዴልም አልተዘጋም፤ በቀድሞው የመኪና ማቆሚያ ላይ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩበት። ግሩን መጀመሪያ ያቀደው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ በከፊል ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

ግሩን ይህን አላየም። በ1968 ወደ ቪየና ተመለሰ፤ በ1978 ከእርሱ ሐሳብ ወጣን የሚሉትን አዳራሾች በአደባባይ ነቀፈ፤ በ1980 ሞተ። እርሱ አደባባይን ሊሠራ አስቦ ነበር፤ አደባባዩ ግን የሒሳብ መዝገብ ባለው አንድ ባለቤት እጅ ስለ ነበረ ትርፉ ሲያልቅ በሩ ተዘጋ። በአዳራሹ ውስጥ በየማለዳው እየተራመዱ ጤናቸውን የሚጠብቁት ሽማግሌዎችና ቅዳሜ የሚገናኙት ወጣቶች በዚያ ስፍራ የሚጠይቁት መብት አልነበራቸውም። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ከተሞች እንደዚህ ያሉ አዳራሾች ሲሠሩ፥ የገበያን ሥርዓት የሚያጠና ሊቅ የሱቆቹን ብዛት ከመቁጠር አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው በሩን የሚከፍተው ማን እንደ ሆነና በእግሩ የሚመጣው ሰው በየት በኩል እንደሚገባ ነው።