የደንበኛው መተግበሪያና የሠራተኛው ስክሪን፦ አካታችነት በዲጂታል ባንክ

ባርክሌይስ ባንክ የመጀመሪያውን የገንዘብ መክፈያ ማሽን (ኤቲኤም) በለንደን ኤንፊልድ የተከለው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ዓይነ ስውር ደንበኛ በድምፅ እየተመራ ገንዘቡን ራሱ የሚያወጣበት ኤቲኤም ግን እስከ 1997 ድረስ አልተገኘም። በዚያ ዓመት ሮያል ባንክ ኦፍ ካናዳ ኦታዋ ላይ ሥራ ያስጀመረውም ከደንበኞች አቤቱታ በኋላ ነበር። የሠላሳ ዓመቱን መዘግየት በቴክኖሎጂ እጥረት ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል፤ ኮምፒዩተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነቡ ስክሪን ሪደሮች በ1980ዎቹ ገበያ ላይ ነበሩና። የጎደለው አስገዳጅ ሁኔታ ነበር።

ዛሬ ለደንበኛው ይህ ግዴታ አለ። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2019/882 ከጁን 28 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለግለሰብ ደንበኞች የሚቀርቡ የባንክ አገልግሎቶች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል። ሠራተኛው ግን የሚዳኘው በሌላ ሕግ ነው። መመሪያ 2000/78 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። የመጀመሪያው አገልግሎቱ ከመነሻው ተደራሽ ሆኖ እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የሚሠራው ሰውየውና ችግሩ ከታወቁ በኋላ፣ ለዚያው ሰው ነው። የዲጂታል ባንክ የአካታችነት ክፍተት የሚፈጠረው በእነዚህ ሁለት አሠራሮች መካከል ነው።

አንድ የብድር ማመልከቻ እንከተል። ደንበኛው በስልኩ የሚሞላው ቅጽ ተፈትሾ የወጣ ነው፤ እያንዳንዱ ሣጥን ስክሪን ሪደር የሚያነበው ስም አለው። ማመልከቻው ሠራተኞች ወደሚሠሩበት የባንኩ ዋና ሥርዓት (ኮር ባንኪንግ) ሲገባ ግን ዓይነ ስውሩ የብድር ባለሙያ ስም ያልተሰጣቸው ቁልፎች ይገጥሙታል። ስክሪን ሪደሩ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» እያለ ያልፋል፤ የትኛው «አጽድቅ»፣ የትኛው «ውድቅ አድርግ» እንደሆነ አይለይም። ስህተቱ ገንዘብ ስለሚያስከፍል አለቃው ባለሙያውን ወደ ሌላ ክፍል ያዛውረዋል። ማንም ሊያገልለው ሳያስብ ከእድገት መስመር ወጣ።

የቅጥር ማሻሻያ ብቻውን ይህን አይፈታም። ጄፒሞርጋን ቼዝ በ2015 ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች የሚቀጥርበት ፕሮግራም መጀመሩ የምልመላ በር ሊሰፋ እንደሚችል አሳይቷል። በበሩ የገባው ሰው እንዲቆይና እንዲያድግ ግን የሥራ መሣሪያውም መለወጥ አለበት።

ባንኮች ሶፍትዌራቸውን በአብዛኛው ከሌላ ድርጅት ስለሚገዙ፣ ዋናው የመደራደሪያ ቦታ የግዥ ውል ነው። ኢኤን 301 549 የተባለው የአውሮፓ የተደራሽነት መስፈርት በውስጥ ሶፍትዌር ውሎች ውስጥ ቢገባ፣ ርክክቡም አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች በሥራ ሰዓታቸው ከሚያደርጉት ፍተሻ ጋር ቢታሰር፣ ማመቻቸት እያንዳንዱ ሠራተኛ ለየብቻው የሚለምነው ነገር መሆኑ ይቀራል። ነባር ሥርዓቶችን ባንድ ጊዜ መተካት ውድ ነው የሚለው ክርክር ሚዛን ይደፋል፤ ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስም ለሚገዙት አዳዲስ መሣሪያዎች ግን ማመካኛ ሊሆን አይችልም።