የፓርክ መግቢያ ክፍያ በማን ይወሰናል? የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክና የዋጋ ማሻሻያው ጉዳይ

የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም ሲቋቋም 5,061 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው። ወሰኑ ዳግም ከተካለለ በኋላ ስፋቱ 4,575 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኗል። በባሮና በጊሎ ወንዞች መካከል የተዘረጋው ይህ ሜዳ የነጭ ጆሮ ቆርኬ፣ የናይል ሌችዌ፣ የዝሆንና ጫማ መሰል መንቁር ያለው የትልቁ ወፍ መኖሪያ ነው። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከደቡብ ሱዳኑ ቦማ ብሔራዊ ፓርክ ተነሥቶ ውኃና ሣር ፍለጋ ድንበር እየተሻገረ ይመጣል። ይህ ጉዞ በምድራችን ላይ ካሉት ታላላቅ የአጥቢ እንስሳት ፍልሰቶች አንዱ ነው። በ2016 ዓ.ም ይፋ በሆነው የደቡብ ሱዳን የአየር ላይ ቆጠራ በዚያ አገር ብቻ አምስት ሚሊዮን ገደማ ነጭ ጆሮ ቆርኬ እንዳለ ተገምቷል።

ይህን ሀብት ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ምን ያህል ይክፈል የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ የሕግ ጥያቄ ነው። የፓርክ ኃላፊ ቢፈልግ እንኳ ዋጋውን በራሱ ፈቃድ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ አይችልም።

መነሻው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 51 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ስለሚጠበቅበትና ጥቅም ላይ ስለሚውልበት ሁኔታ ሕግ የማውጣት ሥልጣንን ለፌዴራል መንግሥት ሲሰጥ፣ አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች በዚያ ሕግ መሠረት መሬታቸውንና የተፈጥሮ ሀብታቸውን እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ። አዋጁ አገራዊና ዓለም አቀፋዊ ፋይዳ ያላቸውን የጥበቃ ቦታዎች ለፌዴራል መንግሥት፣ ሌሎቹን ለክልሎች ያከፋፍላል። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 575 ደግሞ ዛሬ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የምንለውን ተቋም አቋቋመ። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በዚህ ባለሥልጣን ሥር ከሚተዳደሩት ፓርኮች አንዱ ነው።

የብሩ መጠን ግን በአዋጁ ውስጥ አይገኝም። የተጻፈው አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 ሰንጠረዥ ላይ ነበር። በዚያ ሰንጠረዥ የውጭ አገር ጎብኚ የሚከፍለው 90 ብር ሲሆን፣ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ የተመደበው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። የአገር ልጅ ዝቅ ባለ ዋጋ እንዲገባ ማድረግ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተለመደ አሠራር ነው፤ ተገቢም ነው።

ዋጋን በደንብ ላይ መጻፍ ጥቅም አለው። ማንም የበር ሠራተኛ እንዳሻው አይጠይቅም፤ ጎብኚም የሚከፍለውን አስቀድሞ ያውቃል። ጉዳቱ ደግሞ የብር ዋጋ ሲወርድ ደንቡ ባለበት መቆሙ ነው። ደንብ ቁጥር 163 በወጣበት ሰሞን አንድ የአሜሪካ ዶላር 10 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር 90 ብሩ ወደ ዘጠኝ ዶላር ይጠጋ ነበር። መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ግን ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ስሌት ያው 90 ብር አንድ ዶላርም አይሞላም። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ከአውሮፓ የመጣን ሰው ከአንድ ስኒ ቡና ባልበለጠ ዋጋ ዝሆን ማስጎብኘት ለጋስነት ሊባል ይችል ይሆናል፤ የጥበቃ ሠራተኛውን ደመወዝና የተሽከርካሪውን ነዳጅ ግን አይሸፍንም።

ዋጋውን ለመለወጥ ባለሥልጣኑ ረቂቅ አዘጋጅቶ በሚመለከተው ሚኒስቴር በኩል ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይወጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሚያስፈልገው አዋጁ ራሱ ሲሻሻል ነው። ሌላው መንገድ አዋጁ ወይም ደንቡ ዋጋ የመወሰን ሥልጣንን ለተቋሙ በውክልና ሰጥቶ ዝርዝሩ በመመሪያ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በዚህኛው መንገድ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተፈጻሚ ይሆናል። መመሪያ የሚያወጣ ተቋም ረቂቁን ለሕዝብ የማሳወቅና አስተያየት የመቀበል ግዴታ አለበት። የአቦቦ ገበሬም ሆነ የጋምቤላ ከተማ አስጎብኚ ሐሳቡን በጽሑፍ ሊያስገባ የሚችልበት በር ይኸው ነው።

ከዋጋው ይልቅ ለክልሉ ነዋሪ የሚከብደው ጥያቄ ገንዘቡ የት ይገባል የሚለው ነው። በፌዴራል ከሚተዳደሩ ፓርኮች በር ላይ የሚሰበሰበው ክፍያ ወደ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ፓርኩ የሚተዳደረው ከዚያ ተመልሶ በሚመደብለት በጀት ነው። በተፈቀዱ የአደን ቀበሌዎች ከሚሰበሰበው የአደን ክፍያ ግን 85 በመቶው ለክልሎች እንዲሰጥ የሚያደርግ አሠራር አለ። ለአደኑ የተሠራ ቀመር ለጉብኝቱ የማይሠራበት ምክንያት ለዚህ ጸሐፊ ግልጽ አይደለም።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይህን በሕግ ፈትተውታል። በኡጋንዳ ከፓርክ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶው በፓርኮቹ ዙሪያ ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች እንዲመለስ ተደንግጓል። ሩዋንዳ በ2009 ዓ.ም የተራራ ጎሪላ ማያ ፈቃድን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ስታሳድግ፣ ከቱሪዝም ገቢው ለፓርክ አዋሳኝ ነዋሪዎች የምታካፍለውን ድርሻም ከ5 ወደ 10 በመቶ ከፍ አድርጋለች። ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ልብ ሊባል ይገባል።

እርግጥ ጋምቤላ ሩዋንዳ አይደለችም። ከአዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በክረምት የፓርኩ ሜዳ በውኃ ይሞላል፤ የጸጥታ ችግርም በየጊዜው ጎብኚን ያስቀራል። ስለዚህ ክፍያው በአንድ ጊዜ በብዙ እጥፍ ቢጨምር ጥቂቱን ጎብኚ ሊያሸሽ ይችላል የሚለው ሥጋት መሠረት አለው። ሆኖም ጎብኚው በከተማዋ ለማደሪያ፣ ለምግብ፣ ለጀልባና ለመንገድ መሪ የሚያወጣው ከመግቢያው ክፍያ በብዙ ይበልጣል፤ እስካሁን ጋምቤላን ያስቀረበት ነገርም የበሩ ዋጋ አይደለም።

ለፓርኩ አዋሳኝ ቀበሌዎች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የአኙዋ ገበሬ ወንዝ ዳር የዘራውን በቆሎ ከዝንጀሮና ከከርከሮ ሲጠብቅ ያድራል። የኑዌር አርብቶ አደር በበጋ ከብቶቹን ውኃ ወዳለበት ይነዳል፤ ያ ውኃ ብዙ ጊዜ የዱር እንስሳቱም መጠጫ ነው። ከ2001 ዓ.ም ወዲህ በፓርኩ አቅራቢያ ለሰፋፊ የንግድ እርሻዎች መሬት ሲሰጥ የወሰኑ ጥያቄ ይበልጥ ተወሳስቧል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የክፍያ ማሻሻያ ረቂቅ በሚዘጋጅበት ጊዜ የጎግ፣ የአቦቦ፣ የኢታንግና የጂካዎ ወረዳዎች ነዋሪዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ከአዲሱ ዋጋ ስንት በመቶው ወደ ወረዳው ይመለሳል፣ በየትኛው ሒሳብ ይቀመጣል፣ አጠቃቀሙንስ ማን ይመረምራል?

ክልሉ ራሱ የሚወስንበት ቦታም አለ። በፌዴራል የማይተዳደሩ የጥበቃ ቦታዎችን በተመለከተ የክልሉ ምክር ቤት የፌዴራሉን ሕግ ሳይጥስ የራሱን ሕግ ማውጣት ይችላል። በ2009 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበው የመዠንግር ደን ባዮስፌር ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። በዚያ የመግቢያ ክፍያ ቢታሰብ ድርሻው ከመነሻው በሕጉ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።