ድሬዳዋ፦ የስሙ ምንጭና የአንድ ፊደል ጉዳይ

ድሬዳዋ ማለት ምን ማለት ነው ሲባል ከብዙ ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው መልስ «የመድኃኒት ሜዳ» የሚል ነው። በኦሮምኛ «ድሬ» ሜዳ፣ «ዳዋ» ደግሞ መድኃኒት ነው ይባልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። የከተማዋ ተወላጅ የሩቅ ዘመድ መጥቶበት ከዚራን፣ ደቻቱንና መጋላን ሲያስጎበኝ የሚነግረው ይህንኑ ነው። ትርጉሙ ለጆሮ ይጥማል። የአንድ ፊደል ጉድለት ግን አለበት።

ኦሮምኛም ሆነ ሶማልኛ ተናጋሪው የስሙን ሁለተኛ ክፍል የሚጀምረው በ«ዳ» ሳይሆን በ«ዻ» ነው፤ በሶማልኛ የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚወጣ ድምፅ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ይህን ድምፅ ከተራው «ደ» ለይተው በሁለት ሆሄ ያሰፍሩታል። መድኃኒት ማለት የሆነው «ዳዋ» ግን ከዓረብኛ የተወሰደ ነው፤ ድምፁም ተራ «ዳ» ነው። አማርኛ «ዸ» የለውም፤ ፈረንሳይኛም የለውም። በባቡሩ ዘመን በታተሙ የፈረንሳይ ፖስታ ካርዶች ላይ የከተማዋ ስም በተራ «ደ» ተጽፎ ይገኛል፤ በአማርኛም የተጻፈው እንዲሁ ነው። ድምፁ በጽሑፍ ከጠፋ በኋላ «ዳዋ»ን ከመድኃኒት ጋር ማገናኘት ቀላል ሆነ። ትርጓሜው ከአነጋገር ሳይሆን ከአጻጻፍ የተወለደ ይመስላል።

ሶማልኛ ተናጋሪዎች ከተማዋን «ዲሪዸባ» ይሏታል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የድር ነገድ አባት የሆነው ድር ጦሩን መሬት ላይ የወጋበት ቦታ ነው። «ዸብ» እውነት ማለት በመሆኑ «እውነተኛው ድር» ብለው የሚፈቱትም አሉ። ከሁለቱ የትኛውም ቢያዝ ይህ መንገድ ከመድኃኒቱ ይልቅ ያስኬዳል። በአካባቢው የኖሩት ዒሳዎችም ጉርጉራዎችም የዘር ሐረጋቸውን ወደ ድር ይቆጥራሉ፤ ከጉርጉራዎች ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ በመሆናቸው ስሙ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ለመሻገር ሩቅ መንገድ አላስፈለገውም። «ባ» ወደ «ዋ» መለወጡም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የግእዙ «ሰብእ» በአማርኛ «ሰው» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

«ድሬ» ሜዳ ነው የሚለው ግማሽ ክርክር ክብደት አለው፤ ከተማዋ በእርግጥ ከተራራ ሥር የተዘረጋች ሜዳ ናት። ይሁን እንጂ የስሙን ግማሽ ብቻ ይፈታል። ስሙ የየትኛው ቋንቋ ነው የሚለው ጥያቄ ከተማዋ የማን ናት ወደሚል ክርክር ሊያመራ ይችላል፤ የስም ምንጭና የመሬት ባለቤትነት ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ክርክሩን ከማበላሸት በቀር የሚጨምረው የለም።

ከተማዋ ሌላ ስም ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1894 አፄ ምኒልክ ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል የመጀመሪያው የባቡር መስመር ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ሐረር ከተራራው ላይ ናት፤ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት እጅግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ፤ ባቡሩም በ1902 መጨረሻ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከተራራው ሥር ደረሰ። በጣቢያው ዙሪያ ለተቆረቆረችው ከተማ «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጣላት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን አዲሱ ስም ሕዝቡ ዘንድ ሥር አልሰደደም። ግመል ነጂውም ነጋዴውም በነባሩ ስም ጠሯት፤ የባቡር ኩባንያውም በዚያው አደረ።

ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናብ በተራራው ላይ ሲጥል ግን በድንገት ይሞላል። ከወንዙ ወዲህ በፈረንሳዮች ፕላን ቀጥ ባሉ መንገዶች የተሠራው ከዚራ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ መጋላ አለ። «መጋላ» በሶማልኛም በኦሮምኛም ከተማ ማለት ነው፤ የሐረሩ ፈረስ መጋላ እንደሚያሳየው የገበያ ስምም ይሆናል። ነዋሪው ግን ከወንዙ ወዲህም ሆነ ወዲያ ሙሉውን ስም ብዙ አይጠራም። አገሩን ሲጠየቅ «ድሬ» ይላል፤ ራሱንም «የድሬ ልጅ» ብሎ ይጠራል።